ስንቁና ደብተሩ

እማዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። ደሴ በዚያ ሰዓት ብርዱ አጥንት ይበሳል። የጦሳ ጉም እስከ በራችን ወርዶ ይተኛል። ከሰሉን ታያይዛለች፣ ሽሮዋን ታንተከትካለች፣ እንጀራውን አጣጥፋ በምሳ ዕቃው ትደረድራለች። የምሳ ዕቃው መያዣ አንድ ጎኑ ስለተሰበረ ክዳኑን በላስቲክ ታስረዋለች። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣለች። ወንድሜ ፖሊስ ጣቢያ በቆየባቸው ወራት አንድም ቀን አልቀረችም። በሩ ላይ ተረኛው ፖሊስ "እናቴ፣ ይቅመሱ" ይላታል። ያመጣኸውን ምግብ ፊቱ ቀምሰህ ማሳየት አለብህ፣ ደንቡ ነው። እማዬ ትቀምሳለች። በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የምትበላው ያቺኑ ጉርሻ ብቻ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ስትመለስ ነው ችግሩ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ አንዲት ሴት ሰው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ "የስንቱን ገንዘብ በልቶ አልጠገበም፣ አሁንም ታበላዋለች!" አለች። እማዬ መልስ አልሰጠችም። ቤት ገባች፣ ምሳ ዕቃውን አጠበች፣ ደፍታ አስቀመጠችው። ማታ ግን እጄን ይዛ "ልጄን ባላበላው ገንዘባቸው ይመለስላቸዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፣ ግን ወደ መልሱ ለመድረስ መጀመሪያ የሆነውን መናገር አለብኝ።

ወንድም ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። በ11 ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ደብተር የገዛልኝ፣ የኮሌጅ የከፈለልኝ፣ ኮምቦልቻ ሥራ ስይዝ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጭኖ ቤት ድረስ ያስገባኝ እሱ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ሰፈሩ "እጁ አይታጠፍም" ይለው ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ጎረቤት ወዳጃ፣ የዱዓ ሥርዓት፣ ሲኖረው ቡናና ስኳር የሚልክ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሰው ሁሉ ልጅ ነበር። እና ዕቁብ ይሰበስብ ነበር።

ዕቁብ ምን እንደሆነ አላስረዳም፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ግን ደካማ ጎኑን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። የእሱ ትልቁ ዕቁብ 52 ዕጣ ነበረው፣ በሳምንት 1,000 ብር። እሁድ እሁድ ሰው ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው 52,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ የደረሰው ዋስ ይጠራል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ነውና። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አበዳሪ ሆኖ ይከርማል። በእኛ ዕቁብ ደረሰኝ የለም፣ ማኅተም የለም። ያለው አንድ ደብተርና የዳኛው፣ የሰብሳቢው፣ ስም ነው። ዋስ የሚጠየቀው ዕቁብተኛው ነው። ዳኛውን ዋስ ጥራ ያለው ሰው አላየሁም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሱቁ ተዘረፈ። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ቆርቆሮው የለም፣ ሚስማር የሚመዘንበት ሚዛን እንኳ የለም። ወንድም ጋሼ አንድ ቃል አልተናገረም። መጥረጊያ ይዞ ወለሉን ጠረገ። ከዚያ የሚያውቃቸው ነጋዴዎች ዱቤ ሰጡት፣ ተነሳ፤ ወይም የተነሳ መሰለን። ይህን የማነሳው ለጥፋቱ ማመካኛ እንዲሆን አይደለም። የከተማው ሰው ሁሉ ተዘርፏል። ኋላ ገንዘባቸውን ካጡት አንዷ እንጀራ ሻጭ ናት፣ የእሷም የኤሌክትሪክ ምጣድ በዚያው ሰሞን ነው የተወሰደው። እሷ ግን የማንንም አልነካችም።

ያደረገው እንዲህ ነው። ከ52ቱ ዕጣዎች ውስጥ ዘጠኙ ሰው አልነበራቸውም። ስም ብቻ ናቸው። የዘጠኙ ዕጣ እያከታተለ እንዲወጣ አደረገ፣ 468,000 ብር ወሰደ። ሱቁን በዚያ ሞላው። ነገር ግን ዕጣ የወጣለት ሰው መጣሉን አያቋርጥም። ለእነዚያ ዘጠኝ ስሞች በየሳምንቱ 9,000 ብር ከኪሱ መክፈል አለበት። ገበያው ቀዘቀዘ፣ ሱቁ ያን ያህል አላወጣም። ስለዚህ ሁለተኛ ዕቁብ ከፈተ። የሁለተኛው ገንዘብ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ ሦስተኛ፣ ለዝቅተኛ ነጋዴዎች፣ በሳምንት 500 ብር።

ይህ ነገር በዓለም ላይ የታወቀ ስም እንዳለው ኋላ ነው ያነበብኩት። ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ የኋለኞቹን ገንዘብ ለፊተኞቹ ይከፍል ነበር። ወንድሜ ትርፍ እንኳ ቃል አልገባም። የሸጠው የዕጣ ተራ ነው። ሰዎቹ ስግብግብ አልነበሩም፣ ከራሳቸው ጉሮሮ ነጥቀው ያስቀመጡትን የራሳቸውን ገንዘብ ነበር የሚጠብቁት። "ሲጀመር ለምን አመኑት፣ ቀላል ገንዘብ ፈልገው ነው" የሚል ሰው ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

የጥምቀት ዕለት ነው። ቤተሰቡ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል። እኔ ራሴን አሞኝ ቀርቼ ነበር። ስልክ ቁጥር የምጽፍበት እስክሪብቶ ስፈልግ የወንድም ጋሼን መሳቢያ ከፈትኩ። ሁለት ደብተር አገኘሁ፣ ሁለቱም ባለ 50 ሉክ፣ ሁለቱም በአሮጌ ጋዜጣ የተለበዱ። አንደኛው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ ስም በስም፣ የጣለው ሰው ጎን ምልክት አለው። ሁለተኛው በእርሳስ ነው የተጻፈው። ብዙ ቦታ ተፍቆ ወረቀቱ ሳስቷል። በእርሳሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዘጠኝ ስም ተደርድሯል። አራተኛው የአክስታችን ስም ነው። አክስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነበር። ተዝካሯን ያወጣነው አብረን ነው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ይሄው ነው፣ የሌላ ሰው መዝገብ ሲሳሳት ማግኘት። ነገሩን ለመረዳት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቁጭ ብዬ በስልኬ ደመርኩ፣ ሦስቱ ዕቁቦች አንድ ላይ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ሳይቀር አሰላሁ። ክረምት አይደርሱም። ደብተሮቹን ወደነበሩበት መለስኩ፣ መሳቢያውን ዘጋሁ።

ማታ ብቻችንን ስንሆን "ወንድም ጋሼ፣ ያ የእርሳሱ ደብተር ምንድነው?" አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ ራሴን በእጁ ዳበስ አድርጎ "ተይው እታለም፣ እስከ ፋሲካ ይስተካከላል" አለኝ። እኔም ተውኩት። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ሥራዬ ገባሁ። ውስጤን ያረጋጋሁት "የሥጋ ወንድሜ ነው፣ ደብተር ገዝቶ ያስተማረኝ፣ እንዴት ብዬ አሳልፌ እሰጠዋለሁ?" እያልኩ ነው። ይህን ታማኝነት ብዬ ጠራሁት።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ምንም አልተስተካከለም።

በሰኔ የአንድ የባጃጅ ሹፌር ዕጣ ወጣ። የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነበር፣ ዕጣው ሲወጣለት የራሱን ሊገዛ ቀብድ ከፍሏል። ወንድሜ "ነገ" አለው። ከዚያ "ከነገ ወዲያ"። በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ ሳይከፈት ዋለ። ወንድሜን ሐይቅ ከተማ ዘመድ ቤት አገኙት፣ ጫማውን ሳያወልቅ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብሎ። ለመሮጥ አልሞከረም አሉ። ኋላ በአታላይነትና በእምነት ማጉደል ተከሰሰ፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 እና 675 ላይ ያሉት ናቸው። አራት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። ሱቁ ተሸጠ፣ ቤቱ የጋራ ውርስ ስለነበር ድርሻው ተሸጠ። ለሰዎቹ የደረሳቸው ከግማሽ ያነሰ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰው ፍርድ መጣ። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፤ ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎችና ምንም ያላጡት ሰዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ያጡት መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ፣ አለቀሱ፣ ተቆጡ። መብታቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ውለው ሲመሽ ሄዱ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ትልቁ ጩኸት ግን የመጣው አንድ ብር ካልጣሉት ነው። የወንድሜን ፎቶ ከነልጆቹ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ሰው ዕቁብተኛ አልነበረም። "ድሮም ዓይኑ ያስታውቅ ነበር" አሉ፣ ትናንት እጁ አይታጠፍም ሲሉት የነበሩት ራሳቸው። የወንድሜ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ የጠፋ ቀን ቦርሳዋ ብቻ ተፈተሸ። ቤት መጥታ ለእናቷ አልነገረችም፣ ለእኔ ነው የነገረችኝ፣ ያውም እንዳልናገር አስምላ። ሚስቱ ደግሞ የወርቅ ሐብሏን ለባለ ዕጣዎቹ አውጥታ የሰጠች ሴት ናት፤ ስለዚያ የጻፈ የለም።

የቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ቤተሰባችን ከቅሬው ይሰረዝ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ወሎ ውስጥ ከቅሬ መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቀባሪ የለህም ማለት ነው። እማዬ ሴቶቹ ጋ በስተኋላ ተቀምጣ ነበር፣ አንገቷን አላቀናችም። ያኔ የሰፈራችን ሸህ ተነሱ። ቁርኣን ማንም ነፍስ የሌላውን ኃጢአት አትሸከምም ይላል አሉ። ቀጥለው ቄሱ ተነሱ፣ የእኛም መጽሐፍ ያንኑ ነው የሚለው አሉ፣ ሕዝቅኤል 18ን ጠቀሱ፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ አባትም የልጁን። ሁለቱ ሲጨርሱ የቅሬው ዳኛ "ቅሬያችን የሞተ ሊቀብር ነው የተቋቋመው፣ የቆመ ሊቀብር አይደለም" አሉና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። እማዬ ያን ቀን ቤት ስትገባ ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ላይ አለቀሰች።

እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም። ሸሁና ቄሱ የተከራከሩት ለንጹሕ ቤተሰብ ነው። እኔ ንጹሕ አልነበርኩም።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ የአሜሪካዊውን የበርናርድ ማዶፍን ታሪክ አነበብኩ። በኒውዮርክ ለአሥርት ዓመታት ሰው ያከበረው የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር፣ ለደንበኞቹ በወረቀት ላይ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አላችሁ እያለ የሌለ ሂሳብ ሲልክላቸው የኖረ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2008 ነገሩ ሁሉ ውሸት መሆኑን ለሁለት ልጆቹ፣ ለማርክና ለአንድሩ ነገራቸው። ልጆቹ ከቤቱ ወጥተው ጠበቃ ዘንድ ሄዱ፣ ጠበቃው ለመንግሥት አሳወቀ፣ አባትየው በማግስቱ ተያዘ። 150 ዓመት ተፈረደበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስር ቤት ሞተ።

እኔን የያዘኝ የእሱ ነገር አይደለም፣ የቤተሰቡ ነው። ልጆቹ በአንድ ሌሊት ያደረጉትን እኔ በአምስት ወር አላደረግኩም። ግን ሰው ለእነሱም አላዘነም። አባታቸው ቢሮ ይሠሩ ስለነበር ሳያውቁ አይቀሩም ተባሉ። በወንጀል አልተከሰሱም፣ ሐሜቱ ግን አልለቀቃቸውም። የማርክ ሚስት ለልጆቿ ብላ የቤተሰብ ስማቸው እንዲለወጥ ፍርድ ቤት አመለከተች። ማርክ አባቱ በተያዘ ልክ በሁለተኛ ዓመቱ ራሱን አጠፋ፣ 46 ዓመቱ ነበር። አንድሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በካንሰር ሞተ። እናታቸው ሩት ደግሞ መጀመሪያ ባሏን አልተወችም፣ ልጆቿ በዚያ ምክንያት ራቋት። ፀጉሯን የምትሠራበት ቤት እንኳ አትምጪብን አላት። ያጋለጡትም ተፈረደባቸው፣ ያልተወችውም ተፈረደባት።

ይህን አንብቤ ስጨርስ ለእማዬ ጥያቄ መልሱ መጣልኝ። ሰው እኛ ላይ የፈረደው በስንቁ ነው። እናት ልጇን ስላበላች። ስንቅ ግን ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አላወጣም። የሰው ገንዘብ ያስበላው ደብተሩ ነው፣ እኔ አይቼ የመለስኩት ደብተር። ስለ እሱ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም "ምስኪን፣ ታናሽ እህቱ፣ ምን ታውቅ" ብሎ አለፈኝ። እማዬ መንገድ ላይ ስትሰደብ እኔ ኮምቦልቻ ሰው ያከብረኛል። ወንድሜን የጎዳሁትም ያኔ ነው። በጥምቀት ብናገር ኖሮ ሱቁ በሙሉ ዋጋው ይሸጥ ነበር፣ ሦስተኛው ዕቁብ ገና ጀማሪ ነበር፣ ምናልባት በሽማግሌ ያልቅ ነበር። ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው አልኩ እንጂ፣ የፈራሁት እሱ ፊት ከሃዲ መባልን ነው።

ከጥምቀት በኋላ ሦስተኛው ዕቁብ ውስጥ የገቡ ሰባት ሰዎች አሉ። የሰማያዊው ደብተር ኮፒ ፍርድ ቤት ስለቀረበ ስማቸውን ከነቀኑ አገኘሁት። ሰባቱ አንድ ላይ የጣሉት 58,500 ብር ነው። የቀረው ዕዳ የወንድሜ ነው፣ ይህ ግን የእኔ ነው ብዬ ለየሁት። ሕግ አላዘዘኝም። በየወሩ ከደሞዜ እየቀነስኩ እከፍላለሁ።

መጀመሪያ ሄጄ የነገርኳት እንጀራ ሻጯን ነው። እትዬ ነው የምላት፣ የልጅነት ጎረቤታችን ናት። 19 ሳምንት ጥላለች፣ 9,500 ብር። ያኔ ልትገባ ስትል መንገድ ላይ አግኝታኝ "አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ፣ ልግባ ወይ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። "እንደፈለጉ እትዬ" ነው ያልኳት። እሺ ማለቴ መሰላት። ምን ይምሰላት ታዲያ?

ስነግራት እየጋገረች ነበር። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል አፈሰሰች፣ ዓይን እስኪያወጣ ጠበቀች፣ ከደነችው። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ከጥምቀት ጀምሮ እንደማውቅ ነገርኳት። እንጀራውን በሰፌድ አውጥታ አስቀመጠች። "ታውቂ ነበር?" አለችኝ። "አውቅ ነበር" አልኳት። ሌላ ሊጥ አፈሰሰች። ለረጅም ጊዜ ከምጣዱ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። በመጨረሻ "ለእናትሽ ነግረሻታል?" አለችኝ። አልነገርኳትም ነበር። "ሂጂ መጀመሪያ ለእሷ ንገሪ" አለችኝ።

ያን ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ በ11 ሰዓት ተኩል ቀሰቀሰችኝና ምሳ ዕቃውን በእጄ አስያዘችኝ። ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን የማደርሰው እኔ ነኝ፣ አሁን ማረሚያ ቤት ነው። ወንድም ጋሼ ስለ ሰባቱ ያውቃል። ስነግረው አንገቱን ደፋ፣ "የስንቱ ቀረ?" ብቻ ነው ያለኝ።

እትዬ ዘንድ ባለፈው ሳምንት 1,500 ብር ይዤ ሄጄ ነበር። ተቀበለችኝ፣ እጇን በመቀነቷ ጠረገች፣ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች፣ አሁንም ሁልጊዜ ፊቴ ሁለት ጊዜ ነው የምትቆጥረው። ከትራሷ ሥር ትንሽ ደብተር አወጣች፣ የራሷ ናት፣ የልጇ የድሮ የትምህርት ቤት ደብተር። ቀኑን እንድጽፍላት ሰጠችኝ፣ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። "ስንት ይላል የቀረው?" አለችኝ።

"3,500" አልኳት።

"በእስክሪብቶ ነው የጻፍሽው?" አለችኝና ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው።